ከነቀለበቷ

መነጽር ሠሪው አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ላይ ሲያፈጥ ኖሮ የገዛ ሚስቱን ዓይን ሳያይ ቀረ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። ሆኖም ዝርዝሩን ካልሰማችሁ፣ ሰውየው በስልሳ ስምንት ዓመቱ ምን ነክቶት ቴሌስኮፕ ሊገዛ እንደወጣ አይገባችሁም።

ሱቁ ከመኖሪያ ቤታቸው ሥር ነው። አሥራ አንድ ደረጃ ወርዶ በር ከከፈተ ሥራ ገባ ማለት ነው። በመስኮቱ በኩል ሌንስ መሞረጃው አለ፤ ከጎኑ የመነጽር ክፈፍ የታጨቀባቸው መሳቢያዎች፣ በወዲህ በኩል የደንበኛ ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ደግሞ ማንበቢያው የፊደል ሰሌዳ። ሰሌዳውን የጻፈችው ሚስቱ ናት። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች፤ የእጅ ጽሑፏ ከማማሩ የተነሳ የትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀት ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር። ሱቁ ሲከፈት የታተመ ሰሌዳ ፈልገው ስላጡ፣ እሷ ሦስት ቀን ወለሉ ላይ ተደፍታ በማስመሪያና በብሩሽ ጻፈችው። ከላይ የጀበና ክዳን የሚያክል አንድ ፊደል፣ ከዚያ እያነሰ እያነሰ፣ በመጨረሻው መስመር የጉንዳን ሰልፍ የመሰሉ አምስት ፊደሎች።

በየዓመቱ፣ ቀለበት ባሰሩበት ሳምንት፣ ባልየው ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋና «ቲቸር፣ ተቀመጪ» ይላታል። ተማሪዎቿ የሚጠሯትን እሱም ለምዶ በዚያው ቀርቷል። እሷም «እሺ ሐኪሜ» ትለዋለች፤ ሐኪም እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አንዱን ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ትወርደዋለች። ከዚያ ሌላውን ሸፍና እንደገና። እሱም ካርዷን ከመሳቢያ አውጥቶ «ሁለቱም ዓይን፣ እስከ መጨረሻው መስመር» ብሎ ይጽፋል።

ይህን ጽፎ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ግን ዝም አይልም። ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ፣ የሰውየውን ዓይን መመርመሩን ትቶ የሚስቱን ዓይን ያወራለታል። የእኔዋ ቲቸር በዚህ ዕድሜዋ ለሩቅ መነጽር አታውቅም፣ ይላል አፉን ሞልቶ። ደንበኛውም ከዓይን ያውጣት ብሎ መነጽሩን ተቀብሎ ይሄዳል። እንዲህ ሲባል እሷ ብዙ ጊዜ ደረጃው ላይ ሆና ትሰማው ነበር።

አምና ታዲያ ሰሌዳው ቢጫ ሆነ፤ አንዱን ጥጉንም እርጥበት በላው። ክፈፍ የሚያመጣለት ነጋዴ የታተመ አዲስ ሰሌዳ አመጣለት። በአዲሱ ላይ ፊደል የሚባል የለም፤ ሦስት ጥርስ ያላት ሹካ ብቻ ናት ያለችው፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ የዞረች። ማንበብ የማይችልም ሰው በጣቱ ያመለክታል። ሚስቱ እህቷ ዘንድ ሰንብታ ሳትመለስ አሮጌውን አውርዶ አዲሱን ሰቀለው። ልንገራት ብሎም አላሰበም። ስትቀመጥ ታየው የለ።

የቀለበታቸው ሳምንት ደረሰና ተቀመጠች። ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያ ያንን የድሮውን ሰሌዳ፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ሁልጊዜዋ ወረደችው። መጀመሪያ ላይ የምታላግጥበት መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ቀጠለች። ሁለተኛው መስመር፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እነዚያ አምስት የጉንዳን ፊደሎች። ሣቁ አፉ ላይ ደረቀ።

«ቲቸር፣» አላት፣ «ግድግዳው ላይ ምን አለ?»

መዳፏን ከዓይኗ አወረደች። ግድግዳውን ሳይሆን እሱ ያለበትን አቅጣጫ ፈለገች።

«ለወጥከው እንዴ?» አለችው።

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ደግ ልጅ ነው፤ ደግነቱ ግን ያን ቀን ለማንም አልጠቀመ። የግራ ዓይኗ መሃሉ አልቋል አለ። የቀኙም ተጀምሯል። በዳር በዳር ታያለች፣ በግድግዳ አትጋጭም፣ ሰው መምጣቱን ታውቃለች፤ ቀጥ ብላ የምታየውን ነገር ግን አታየውም። የቀኙም መሃል በጥቂት ወራት ውስጥ ይዘጋል። ከአምስት ዓመት በፊት ብትመጡ ኖሮ ባለበት እናቆመው ነበር አለና፣ ካርዱ ላይ እየጻፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ በየጊዜው የሚያይዎት ሰው አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አልነበረም፣» አለች ሚስት ፈጠን ብላ።

ባልየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። በዚያች ሰዓት ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠው ደስ ባለው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሁሉንም ነገረችው። የሰው ፊት መሃሉ ላይ መደብዘዝ የጀመረባት ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ጡረታዋ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር ከሰሌዳና ከልጆች መሃል በግማሽ መንገድ መውጣት አልፈለገችም። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛውን ለመናገር እስከ በሩ ድረስ ወሰደባት። አንተ አፍህን ሞልተህ ለሰው ስታወራልኝ እኔ እንዴት ላሳፍርህ፣ አለችው። እሱ ራሱ በጉራው ዓይኗን እንደጋረደባት ገባው። አንድ ነገር ብቻ አስማላት፤ ከእንግዲህ ያላየሽውን በቃልሽ እንዳትነግሪኝ አላት። እሺ አለች።

ቴሌስኮፑ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ድሮ፣ ቀለበት ሲያስርላት፣ ቀለበቷ እንደ ክር የቀጠነች ነበረች። ወጣቱ መነጽር ሠሪ አፈር አለና ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ብሎ፣ ይቺ ለጊዜው ናት፣ ትልቁን ደግሞ ሰማይ ላይ አሳይሻለሁ አላት። ምክንያቱም እሷ በየዓመቱ ስለ ፕላኔቶች ስታስተምር ሳተርንን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በነጭና በቢጫ ቾክ ትስላት ነበር፤ ቀለበቷ ሰፊ፣ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ፣ አናት ላይ ሸርተት እንዳለ ባርኔጣ። ሌላ ክፍል ያሉ አስተማሪዎች ሳይቀሩ መጥተው ያዩት ነበር። እሷ ግን ሳተርንን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ከመጽሐፍ ነው የገለበጠቻት። ጡረታ ስንወጣ፣ ይል ነበር ባል፤ ጡረታ ስንወጣ። እሷ ጡረታ ወጣች። እሱ ግን ደንበኛ አያልቅበትም።

አሁን ጊዜው በወር የሚቆጠር ሆነ። ባልየው በሰባት ዓመት ስሕተቱ ላይ አንዲት እውነተኛ ነገር ሊጨምርበት ፈለገ፤ ቀኝ ዓይኗ ሳይዘጋ፣ በሌንስ፣ ያቺን ቀለበት ሊያሳያት። ያን ያህል ነው ምኞቱ። ሥራውን እንደሚያውቅ ሰውም ጀመረው። ካሬ ካሬ ወረቀት አመጣ፣ መሃሉ ላይ ነጥብ አደረገ፣ ነጥቡን እያየች መስመሮቹ የት ላይ እንደሚጠፉባት በእርሳስ ምልክት አስደረጋት። በቀኝ ዓይኗ መሃል ያለው ምንም የማታይበት ቀዳዳ፣ ክንድ ተዘርግቶ ሲታይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሚሊሜትር ዘንድ ሄደ።

ሚሊሜትር ካሜራ ጠጋኝ ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ ግን ቤቱ ከዋናው መንገድ ምን ያህል ይርቃል ቢባል እንኳ በሚሊሜትር ስለሚናገር በዚያው ቀረ። ሱቁ ጓሮ በኩል ያለች፣ በጠባብ ደረጃ የሚወረድባት ክፍል ናት። ጥጉ ላይ አንድ የሰው እጅ ያረጀው ቴሌስኮፕ ቆሟል፤ ቱቦው የጎልማሳ ጭን የሚያክል፣ ከታች ጎድጎድ ያለ መስተዋት የተቀመጠበት። መስተዋቱ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሳል፣ ከላይ በጎን በኩል ባለች ቀዳዳ ላይ ደግሞ ዓይን የሚጠጋባት ትንሽ የሌንስ ቱቦ ትሰካለች። ይቺን ሚሊሜትር «ማያ» ይላታል። ቱቦው ቱቦ ነው ጋሼ፣ ቁምነገሩ ማያው ነው አለና፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ ሦስት ማያ ደረደረለት። አንዱ ላይ 25፣ አንዱ ላይ 10፣ አንዱ ላይ 4 ተጽፏል።

መነጽር ሠሪው ሳያቅማማ 25ን አነሳ። በእሱ ሙያ ቁጥሩ ሲበዛ ሌንሱ ይበረታል፤ አርባ ዓመት የኖረበት ሕግ ነው። ሚሊሜትር ሳቀ። እዚህ ቤት ተገላቢጦሽ ነው አለው። የዚህ መስተዋት ቁጥር ዘጠኝ መቶ ነው፤ ዘጠኝ መቶን ለማያው ቁጥር ሲያካፍሉት ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ያገኙታል። ሃያ አምስቱ ሠላሳ ስድስት ጊዜ፣ አሥሩ ዘጠና፣ አራቱ ሁለት መቶ ሃያ አምስት። መነጽር ሠሪው በሙያው ሲታረም የመጀመሪያው ነበር፤ ፊቱ ቀላ። ደግሞ ምን ሳላውቅ ይሆን የኖርኩት ብሎ አሰበና፣ ሐሳቡ ወደማይፈልገው ቦታ ሲወስደው ተወው።

ከዚያ ሚሊሜትር ሦስቱንም እንደ ልጆቹ ጠባያቸውን ዘረዘረለት። ሃያ አምስቱ ገር ነው፤ ሰማዩን ሰፋ አድርጎ፣ አድምቆ ያሳያል፣ መነጽር ያደረገ ሰው እንኳ ሳያወልቅ ያይበታል፤ ሳተርን ግን በእሱ ቅንጣት ናት። አሥሩ አስታራቂ ነው፤ ካንድ በላይ መግዛት ለማይፈልግ ሰው እሱ ይበቃል። አራቱ ግን ክፉ ነው። ቀዳዳው የመርፌ ዓይን ታክላለች፤ ሽፋሽፍት እስኪነካው ካልተጠጉት ምንም አያሳይም፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ይንቀጠቀጣል። መሬት ስለምትዞር ደግሞ ኮከቡ ከግማሽ ደቂቃ በታች ከማያው ሮጦ ይወጣል። አራት የጉራ ቁጥር ነው ጋሼ፣ አሥሩን ይውሰዱ አለው።

ጉራ የምትለዋ ቃል መነጽር ሠሪውን ወጋችው። ሆኖም ወረቀቱን ዘረጋና ጥፍር የሚያክለውን ቀዳዳ አሳየው። አብረው ሠሩት። በሃያ አምስቱ ሳተርን ቀዳዳው ውስጥ ጠልቃ ትጠፋለች። በአሥሩም ከነቀለበቷ ቀዳዳው ይውጣታል። በአራቱ ብቻ፣ በዚያ በክፉው፣ የቀለበቷ ሁለት ጫፎች ከጥፍሩ ግራና ቀኝ ብቅ ይላሉ። ሚሊሜትር ለማን እንደሆነ ያን ጊዜ ጠየቀ፤ ተነገረው። ለትንሽ ጊዜ ጨርቁን ሲያስተካክል ቆየ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ቀለበቷ ጠፍጣፋ ሆኗል፣» አለ በመጨረሻ። «ጠርዙን ነው ወደኛ ያዞረው። በአሥራ አምስት ዓመት አንዴ እንዲህ ይሆናል። አሁን ቢያዩት ክር ነው። በዳር ዓይን ደግሞ ክር አይያዝም። ሁለት ዓመት ቢታገሡ ሰፋ ይላል።»

«ሁለት ዓመት የላትም፣» አለ መነጽር ሠሪው፤ ከዚያ «ዓይኗ» ብሎ ጨመረበት።

አራቱን ገዛ። ሚሊሜትር ሃያ አምስቱን ሳይጠየቅ ኪሱ ከተተለት፤ ያለሱ ሳተርንን ሰማይ ላይ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ብሎ። ሲወጣም አንድ ምክር ሰጠው፤ ኮከብ የሚያዩ ሰዎች የደበዘዘ ነገር ሲያስቸግራቸው ቀጥ ብለው አያዩትም፣ ጎኑን ነው የሚያዩት፣ እሳቸውም እንደዚያ ያድርጉ አለው። ይህችን ምክር እንደ መድኃኒት ይዞ ገባ።

የሳተርን ቀለበት እንደቀጠነ ግን ለሚስቱ አልነገራትም። መጽሐፏ ላይ ያለው አንድ ሥዕል ነው፤ በየአሥራ አምስት ዓመቱ ስለሚሆነው ነገር አንድም መስመር የለበትም። እሷን ያላየሽውን አትንገሪኝ ብሎ ያስማለ ሰው እሱ ራሱ የሚያውቀውን ደበቀ። ማንም አላስገደደውም።

በመጀመሪያው ምሽት ብቻውን ሰገነት ላይ ወጥቶ ተለማመደ። በሃያ አምስቱ አገኛት፣ በአራቱ ቀየረ፣ ሮጠችበት፣ እንደገና አገኛት። አንዲት ትንሽ ኳስ መርፌ የተወጋባት መስላ አየ። ቆንጆ ነበረች። ሚስቱ ጣት ላይ ያለችው ቀጭኗ ቀለበት ትዝ አለችው።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ ገብታ ሰማዩ እንደጠቆረ፣ እጇን ይዞ አወጣት። በርጩማውን አስተካከለላት። ከጎኗ ተንበርክኮ ቱቦውን በእጁ ያዘ፤ ሳተርን ከማያው እንዳትወጣ፣ ትናንት እንደተለማመደው እየተከተለ ሊያቆይላት ነው ሐሳቡ። ቀጥ ብለሽ አትዪ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዓይንሽን ጣል አድርጊ አላት። እሺ ሐኪሜ አለችው።

አየች። እሱ ሰማዩን አይደለም የሚያየው፤ የእሷን ዓይን ነው። ሙያው ነውና፣ አንድ ዓይን የፈለገውን ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ይረጋል። የእሷ አልረጋም። ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ቤት ውስጥ የጣለችውን መርፌ እንደምትፈልግ ሴት። ሳተርን ሮጣ ስትወጣ እንደገና አስገባላት። እንደገና። እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንገቷ ላይ የነበረው ትንፋሹ እንደቆመ እሱ አላወቀም፣ እሷ ግን አውቃለች። ጊዜው ረዘመ። አላየሁም ብትለው ምን እንደሚላት አስቦ ጨርሶ ነበር፤ ግድ የለም ቲቸር፣ ነገ እንሞክራለን ሊላት ነበር።

ዓይኗ ሳይረጋ ፈገግ አለች።

«አየኋት፣» አለች።

«ምን ትመስላለች?» ጥያቄው ሳያስበው ነው ከአፉ የወጣው፤ በየዓመቱ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እንደሚጠይቃት።

«ቀለበቷ ሰፊ ነው፣» አለችው። «ወደ ቀኝ ዘመም ብሏል። በቀለበቱና በኳሷ መሃል ጥቁር ክፍተት አለ፤ እኔ ቾክ ሳላስነካ እንደማልፈው። በስተ ኋላዋ ደግሞ የኳሷ ጥላ ቀለበቱ ላይ ወድቋል።» በአንድ ትንፋሽ ወረደችው፤ አንድም ሳትስት።

ባልየው ከተንበረከከበት አልተነሣም። ግድግዳው ላይ ምን አለ የሚለው ጥያቄ ጉሮሮው ድረስ መጣ። መሐላሽስ ሊላትም ፈለገ፤ ተቆጣም፣ እውነት ለመናገር፣ ለአፍታ ክፉኛ ተቆጣ። ከዚያ የሚንቀጠቀጠውን የገዛ እጁን አየ። እሷ ይህን እጅ ነው ያየችው፣ በዳር ዓይኗ፣ በምታይበት ብቸኛ ቦታ። ሰባት ዓመት ሙሉም ያየችው ይህንኑ የእሱን ጉጉት ነበር። ጥያቄውን ዋጠው።

«እስቲ እኔም ልይ፣» አለና ዓይኑን ማያው ላይ አደረገ። ባዶ ጨለማ ነው። ሳተርን ሮጣ ወጥታለች፤ መቼ እንደወጣች እሱም አላስተዋለም። ቱቦውን ትንሽ ገፋ አደረገና አገኛት። ያቺው ኳስ፣ ያቺው ክር።

«ልክ እንዳልሽው ናት ቲቸር፣» አላት። «ልክ እንደምትስያት።»

«አልነገርኩህም?» አለችና ክንዱን በእጇ ፈለገች። በመጀመሪያ አየር ነው ያገኘችው፤ ሁለተኛ ጊዜ ክንዱን ያዘች። ቀጭኗ ቀለበት በሸሚዙ በኩል ስትነካው ቀዝቃዛ ነበረች።

ወደ ቤት አስገብቷት፣ ሻይ አስቀምጦላት፣ አሥራ አንዱን ደረጃ ወረደ። መብራት አበራ። ካርዷን ከመሳቢያው አወጣ። የመጨረሻዎቹ ሰባት መስመሮች፣ ሰባቱም በእሱ እጅ፣ ሰባቱም አንድ ዓይነት፤ «ሁለቱም ዓይን፣ እስከ መጨረሻው መስመር»። ከዚያ በኋላ ካርዱ ባዶ ነው፤ ከሐኪሙ ቤት ከተመለሱ ወዲህ ምንም ለመጻፍ እጁ እምቢ ብሎት ነበር። ብዕሩን አነሣና ቀኑን አስቀመጠ። ቀጥሎ «ቀኝ ዓይን፦ ሳተርንን አየች፣ ከነቀለበቷ» ብሎ ጻፈ።

ሰባቱን የጻፋቸው ሳያውቅ ነበር። ይህቺን ግን እያወቀ ጻፋት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበትና ካርዱን ወደ ቦታው መለሰ፤ ከዚያ የደንበኛ ወንበሩ ላይ፣ በየዓመቱ እሷ በምትቀመጥበት፣ ከሹካዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ላይ ቤት እንዳትሰማው አፉን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ።